አንድ ክፍል ክረምት

በየካቲት ንዳድ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፣
በእታፈራሁ ጭማቂ ቤት፣
“የክረምት ጨዋታ ሊከፈት ነው” ቢለን ቴሌቪዥኑ፣
ሳቅን።
ክረምት እኛ ዘንድ ጭቃ ነው፣
ቦቲ ጫማ ነው፣
ጥቁር ውሃ ሲሞላ ባጃጅ ሲገፉ መዋል ነው።
ይሄኛው ነጭ ነው።
የዱቄት ፋብሪካ ፈንድቶ፣ ከተማ ላይ የተነፋ፣
ሰው በላዩ ሲሄድ ዱካው የማይጠፋ።

እኔ የበረዶ ሠራተኛ ነኝ።
አሞራ ገደል፣ ከማኅበሩ ጀርባ፣
ሦስት በአራት የሆነች ክፍል፣ በሯ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ፤
እዚያ በረዶ አረጋለሁ፣ በመዶሻ እሰብራለሁ፣
ለቆሮሶ አነጥፋለሁ፣ አምባዛ እሸፍናለሁ።
ስለ በረዶ ከኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር፣
ያን ምሽት አንዲት ልጅ በላዩ ስትበር
እስካይ።
በጫማዋ ስለት ጻፈች፤ የጻፈችውን መልሳ ሰረዘች፤
እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ እንደ እንዝርት ዞረች።
እኔ አስራ አንድ ዓመት ስቀጠቅጠው
ሊጨፈርበት እንደሚችል አንድ ቀን ሳልጠረጥረው።

ጋሽ ደንጊሶ ጎኔ ነው፤ እዚያም መረብ እየቋጠረ።
“ይሄ መሬት ነው ሐይቅ?” አለኝ።
“ሐይቅ ነበር፤ ጠጠረ።”
ዝም አለ። ቆይቶ፣
“ዓሣውስ?”
“ከሥር አለ። በስተው ያጠምዳሉ አሉ።”
“ያለ ጀልባ?”
“ያለ ጀልባ። በእግራቸው ሄደው።”
የዛሬ ስድስት ዓመት ልጁን፣ ላንቃሞን፣ ሐይቁ የወሰደበት ሰው ነው።
በውሃ ላይ የሚሄደውን ሕዝብ
ረጅም ጊዜ አየው።

አገሮች መግባት ጀመሩ።
ባንዲራ፣ ካፖርት፣ ጓንት ያጠለቀ የሚወዛወዝ እጅ።
“የኛስ?” ይላል አማኑ፣ የእታፈራሁ ልጅ።
“ቆይ። በፊደል ተራ ነው። ቆይ።”
አንድ የአሸዋ አገር መጣ፣ በሁለት ሰው ብቻ፤
ልጅቱ ከቁመቷ የረዘመ ይዛ ባንዲራ።
አጨበጨብንላት፣ እንደ ሰፈር ሙሽራ።
“የኛስ?”
የኛ ፊደል አልፏል። ማንም ለልጁ አልነገረው።
እናቱ የአቮካዶ መፍጫውን አስነሳችው፣
ጥያቄው በጩኸቱ እንዲዋጥ።

ከዚያ ችቦው መጣ።
ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ደረጃውን ሲወጣ፣
ደንጊሶ መረቡን ጥሎ ወንበሩን ስቦ ሲመጣ፣
እፍ እንዳሉት ኩራዝ
ድርግም።
ቤቱ “ውይ!” አለ ባንድ አፍ፣ አዝኖ ለዚያ እሳት፤
እኔ ግን ስለ በረዶዬ ነበር የደነገጥሁት።

ሮጥኩ።
በሐይቁ ዳር፣ በሾላዎቹ ሥር፣
አባ ኮዳዎቹ ኮት እንደደረቡ ዳኞች ቆመው
ነጥብ ሳይሰጡኝ አሳለፉኝ።

ጀነሬተሩ ነዳጅ የለውም።
ጆንያ ደረብኩ፣ ሰጋቱራ በተንኩ፣
መዳፌን አኖርኩበት፤ ማላብ ጀምሯል።
በሞባይሌ መብራት
ቆሮሶዎቹ በተራ ተኝተዋል፣ ዐይናቸው እንደተከፈተ፣
አፋቸው ገርበብ ብሎ፣
ስሙ እስኪጠራ እንደሚጠብቅ ሰልፈኛ።
መዶሻውን አላነሳሁም።
በጥፍሬ፣ በቀስታ፣ አንድ መስመር ጎተትኩ፤
ጠመም ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚዞር።
ወዲያው ውሃ ሞላው።

ጋሽ ደንጊሶ ተከትሎኝ ኖሯል።
በር ላይ ጫማውን አወለቀ፤
ያልተሰበረው ብሎክ ዘንድ መጣ፤
ትከሻዬን ያዘ። መጀመሪያ አንዱን እግሩን፣
ቆይቶ ሌላውን
አወጣ።
“ቻለኝ” አለ።
ድምፁ የሱ አይመስልም።

ከጭማቂ ቤቱ ወገን ጩኸት ተሰማ፤
ሞተሩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ መብራት መጣ።
ደንጊሶ ግን አልወረደም።